በወጪ ትንፋሽ ውስጥ ያለ ሰመመን፦ የአንድ ልኬት ታሪክና የስያሜዎቹ ጉዳይ

የአንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ መመሪያ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ለቃላት እርማት በቀረበልን ጊዜ፣ ከገጾቹ በአንዱ «ጊዜው ያለፈበት ማደንዘዣ፦ ከመቶ 1.2» የሚል ጽሑፍ አነበብን። ነገሩ ግራ አጋባን። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በመሣሪያ ገበታ ላይ በቁጥር እየተለካ ለምን ይታያል? ወደ እንግሊዝኛው ቅጅ ስንመለስ ምክንያቱን አገኘነው። «ኤክስፓየርድ» የሚለው ቃል ለመድኃኒት ብልቃጥ ሲነገር የአገልግሎት ዘመን ማብቃትን፣ ለሳንባ ሲነገር ግን ወደ ውጭ የወጣ ትንፋሽን ያመለክታል። ተርጓሚው የለመደውን የመጀመሪያውን ፍቺ ይዞ ሄዷል። የመመሪያው መልእክት ግን «ሕሙሙ በሚያወጣው ትንፋሽ ውስጥ ማደንዘዣው ከመቶ 1.2 እጅ ነው» የሚል ነበር፤ ይህም ሕሙሙ በቢላዋው ሥር ምን ያህል እንደ ተኛ ከሚጠቁሙት ቁጥሮች ዋነኛው ነው።

ስሕተቱን በተርጓሚው ላይ ብቻ መጣል አይገባም። አማርኛችን ለዚህ ልኬት የተደላደለ ስያሜ ገና አልያዘለትም። ስያሜውም በሚገባ ሊበጅ የሚችለው ልኬቱ ለምን እንደ ተፈለገና እንዴት እንደ ተገኘ ሲታወቅ ነው ብለን ስለምናምን፣ በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን ከቃላቱ ጋር አጣምረን እንመለከታለን።

ከመነሻው ግሥ እንጀምር። «ተነፈሰ» በአማርኛ አየር ማስገባትንም ማውጣትንም አጠቃልሎ ይይዛል። ይሁን እንጂ አገልግሎቱን በየፈርጁ ስንመረምረው ሚዛኑ ወደ ማውጣት ያጋደለ ነው። «ጎማው ተነፈሰ» ስንል አየሩ ወጣ ማለታችን ነው፤ «ለማንም እንዳትተነፍስ» ስንል ቃል ከአፍህ አይውጣ ማለታችን ነው፤ «እፎይ ብሎ ተነፈሰ» ስንልም የታመቀው ወጣለት ማለታችን ነው። ለማስገባት የሚውሉት «ሳበ» እና «ማገ» የተባሉት ግሦች ሲሆኑ፣ ሁለተኛው የሲጋራ አጫሹን ያስታውሰናል። የአማርኛ ተናጋሪ ሁለቱን በግልጽ መለየት ሲኖርበት «ትንፋሽ ማስገባት» እና «ትንፋሽ ማውጣት» ብሎ ይረዳል። እኛም ከዚሁ ተነሥተን «ገቢ ትንፋሽ» እና «ወጪ ትንፋሽ» የሚሉትን ጥንድ ስያሜዎች መርጠናል። ከሂሳብ መዝገብ የተወሰዱ መምሰላቸው ጉድለት አይደለም። ወደፊት እንደምናየው በመሣሪያው ገበታ ላይ የሚታዩት ሁለት ቁጥሮች በእርግጥ የገቢና የወጪ ሂሳብ ናቸው፤ ልዩነታቸውም አካሉ ወስዶ ያስቀረውን ይነግራል።

የማደንዘዣ ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ስለ ተነገረ እዚህ ላይ አንዘገይም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1846 የጥርስ ሐኪሙ ዊልያም ሞርተን በቦስተን ከተማ፣ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል አንገቱ ላይ ዕጢ የነበረበትን ሕሙም ኤተር አስተንፍሶ አስተኛው፤ ጆን ኮሊንስ ዋረን የተባለው ቀዶ ሐኪምም ዕጢውን ቀዶ አወጣ። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ከዚያ በኋላ በወሩ የሆነው ነው። ሐኪምና ደራሲ የነበረው ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1846 ለሞርተን በጻፈው ደብዳቤ ለአዲሱ ሁኔታ «አንስቴዥያ» የሚል ስም ይሰጠው ዘንድ ሐሳብ አቀረበ። ቃሉ ከግሪክኛ ነው፤ የስሜት አለመኖር ማለት ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ዲዮስቆሪዶስም ስለ አንድ አደንዛዥ ተክል ሲጽፍ ተገልግሎበታል። እንግዲህ ሆልምስ ቃሉን አልፈጠረውም፤ ከተኛበት ቀሰቀሰው እንጂ። የቃላት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው።

ግሪክኛውን ቃል በቃል ብንተረጉመው «አልቦ ስሜት» እንል ነበር፤ ደግነቱ አላልንም። አማርኛ ሁለት የራሱ ቃላት አሉት። «ማደንዘዣ» ከ«ደነዘዘ» የወጣ ሲሆን፣ የደነዘዘ እጅ፣ የደነዘዘ ድድ እንደምንል ለአካል ክፍል የተስማማ ነው። ለመላው ሰው ስንናገረው ግን «ደንዛዛ» የሚለው ነቀፋ ይከተለዋል። «ሰመመን» ደግሞ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለውን ድንግዝግዝ ሁኔታ የሚያመለክት ነባር ቃል ነው። የሕክምና ባለሙያዎቻችን «የሰመመን ሕክምና» ማለታቸው ከምሁራን ኮሚቴ የመጣ ሳይሆን ከሥራው የፈለቀ በመሆኑ እንደግፈዋለን፤ ቃሉ ከጥንተ ፍቺው ይልቅ ጥልቅ ወደ ሆነ እንቅልፍ መዝለቁም አያስነቅፈውም። ስለዚህ ሁኔታውን «ሰመመን»፣ መድኃኒቱን «ማደንዘዣ» ብለን እንቀጥላለን።

ልኬትን ወደዚህ ሙያ ያስገባው እንግሊዛዊው ጆን ስኖው ነው። የለንደኑን የኮሌራ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1854 ከውሃ ጉድጓድ ጋር በማያያዙ ስሙ የገነነው ይኸው ሰው፣ ከዚያ በፊት በኤተርና በክሎሮፎርም ይመራመር ነበር። የኤተር ዜና ለንደን በደረሰ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1847 መጀመሪያ ላይ፣ አየር በየሙቀቱ ደረጃ ምን ያህል የኤተር ተን ሊሸከም እንደሚችል የሚያሳይ ሠንጠረዥ አወጣ። ሌሎች በስፖንጅ ላይ አፍስሰው ሲያስተነፍሱ፣ እርሱ መሣሪያውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ የተኑን መጠን ይቈጣጠር ነበር። እዚህ ላይ ስለ «ተን» አንድ ነገር ጣል እናድርግ። «እንፋሎት» ከድስት ከሚወጣ የውሃ ተን ጋር የተጣበቀ ቃል ነው፤ ሙቀትን ያሳስባል። ኤተር ግን በክፍል ሙቀት ይተናል። ስለዚህ ለማደንዘዣ «ተን»፣ ተኑን ለሚያዘጋጀው ዕቃም «ማትነኛ» ማለት ከ«እንፋሎት» ይሻላል።

ከስኖው ሥራዎች ሁሉ ለርእሳችን የቀረበው እ.ኤ.አ. ከ1848 እስከ 1851 በተከታታይ ያሳተማቸው ጽሑፎች ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ማደንዘዣው በአካል ውስጥ ተቃጥሎ አያልቅም፣ አብዛኛው እንደ ገባ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል የሚለውን ሐሳብ በሙከራ ሊያረጋግጥ ሞከረ። ሙከራውን ያደረገው በራሱ ላይ ነው። የሚያወጣውን ትንፋሽ በከረጢት ይዞ፣ የተቃጠለውን አየር በፖታሽ እያስጠጣ፣ መልሶ እርሱኑ ይተነፍሰው ነበር። ሰመመኑ ከወትሮው ረዘመ። የወጣው ትንፋሽ ማደንዘዣውን እንደ ያዘ ባይወጣ ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። የወጪ ትንፋሽ ልኬት ሁሉ መሠረቱ ይህ ነው፦ የሚወጣው መድኃኒት ከደም የመጣ ስለሆነ ስለ ደም ይመሰክራል።

ስኖው ይህን ያህል ቢረዳም ተከታዮቹ መቶ ዓመት ያህል በሌላ መንገድ ሄዱ። መሣሪያ ስላልነበራቸው ሕሙሙን ራሱን መሣሪያ አደረጉት። አሜሪካዊው አርተር ጌደል እ.ኤ.አ. በ1920 ያወጣው የደረጃዎች ሠንጠረዥ የዚህ ዘዴ ቁንጮ ነው፤ የዓይን ብሌን ስፋት፣ የዓይን እንቅስቃሴ፣ የጡንቻ መላላት፣ ከሁሉም በላይ የአተነፋፈስ ሁኔታ እየታየ ሰመመኑ ከአራት ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል። አማርኛ ለእንቅልፍ ያለው የደረጃ ሀብት ለዚህ ሠንጠረዥ ትርጉም ይመች እንደ ነበር እናስባለን፤ ማንጎላጀት፣ ሸለብ ማድረግ፣ ማንቀላፋት፣ ጭልጥ ማለት፣ ድብን ማለት እያልን ስንወርድ እያንዳንዱ ከፊተኛው ይጠልቃል። ግን ሠንጠረዡ ራሱ ዕድሜው አጠረ።

ያሳጠረው ኩራሬ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 1942 ሃሮልድ ግሪፊዝና ኢኒድ ጆንሰን በሞንትሪያል ከተማ ይህን ጡንቻ የሚያሰናክል መድኃኒት ለቀዶ ሕክምና ሰጡ። ጡንቻ በመድኃኒት ከላላ የጡንቻ መላላት የሰመመን ምልክት መሆኑ ይቀራል፤ ሕሙሙ በራሱ መተንፈስ ካቆመም የአተነፋፈሱ ሁኔታ ምንም አይናገርም። ዐሥር ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ የሰመመን ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን በቀዶ ክፍል የሚሠራበትን ዘዴ ወደ ሕሙማን አልጋ አመጣው፤ የመተንፈሻ ጡንቻቸው ለሰለለ ሕሙማን 1,500 ያህል ተማሪዎች እየተፈራረቁ በእጅ ከረጢት እየጨመቁ አየር ሰጧቸው። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከዚህ ተወለደ፤ እጁን ብዙም ሳይቆይ ሞተር ተካው።

ስያሜው እዚህ ላይ ያስቸግራል። ለመሣሪያው «ማስተንፈሻ» የሚል ስም ቀርቦ ያውቃል፤ በቅርጹ እንከን የለበትም። ነገር ግን «ጎማውን አስተነፈሰው»፣ «የብሶት ማስተንፈሻ» ለለመደ ጆሮ ቃሉ አየር ማስወጫ ሆኖ ይሰማል፤ መሣሪያው ደግሞ ሥራው አየር መስጠት ነው። «ሰው ሠራሽ መተንፈሻ» ረዘም ቢልም አያሳስትም። በመሣሪያው የሚረዳውን ሕሙም በተመለከተ ግን ግሣችን እንግሊዝኛው የሌለውን ብልኃት ያቀርብልናል። «የሚተነፍስ ሕሙም» ማለት ሐሰት ነው፤ እርሱ አይተነፍስም። «የሚተነፈስለት ሕሙም» ስንል ግን አድራጊው ሌላ፣ ተጠቃሚው እርሱ መሆኑን በአንድ ቃል አስቀመጥን። የኮፐንሃገን ተማሪዎች በእርግጥ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ለሚተነፈስለትና ጡንቻው ለታሰረ ሕሙም ሰመመኑ በቂ ይሁን አይሁን የሚጠየቀው ማን ነው? ሕሙሙ ነቅቶ ቢሆን እንኳ ጣቱን ማንቀሳቀስ አይችልም። ይህ ፍርሃት ነው ልኬቱን አስፈላጊ ያደረገው። እ.ኤ.አ. በ1956 ሃሎቴን ወደ ሥራ መግባቱ ደግሞ ጉዳዩን አጣዳፊ አደረገው፤ በአገራችንም ለረዥም ዘመን ያገለገለው ይህ ማደንዘዣ ኃይለኛ በመሆኑ ትንሽ ሲያልፍ ልብን ያደክማል።

መሣሪያዎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። ከሁሉ የተስፋፋው ታሕተ ቀይ ብርሃንን በትንፋሹ ናሙና ውስጥ አሳልፎ ምን ያህሉ እንደ ተዋጠ የሚለካው ነው። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች የሚጠቀሙበት የብርሃን ሞገድ፣ 3.3 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነው፣ ካርቦንና ሃይድሮጅን የተያያዙበትን ውሕድ ሁሉ የሚያይ ስለሆነ አንዱን ማደንዘዣ ከሌላው አይለይም ነበር፤ ባለሙያው የመድኃኒቱን ስም አስቀድሞ በመዘውር ይመርጥለታል፤ ስሙን ከተሳሳተ ቁጥሩም ይሳሳታል። ኋላ ከ8 እስከ 12 ማይክሮሜትር ባለው ሞገድ የሚሠሩት መጡና ስሙንም መሣሪያው ራሱ ለየ። ሌላው ዘዴ በዘይት የተቀባ የኳርትዝ ብልጭልጭ ድንጋይ ነው፤ ተኑ በዘይቱ ውስጥ ሲሟሟ ድንጋዩ ይከብድና የንዝረቱ ፍጥነት ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ደግሞ አንድ ውድ የክብደት መለያ መሣሪያ በአንድ ስፍራ ተቀምጦ፣ ከብዙ ቀዶ ክፍሎች በረዣዥም ቱቦዎች ትንፋሽ እየሳበ በተራ ይለካ ነበር። ለዚህ መሣሪያ ናይትረስ ኦክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስቸግሩ መንትዮች ነበሩ፤ የሁለቱም ሞለኪውል ክብደት 44 ነውና ከስብርባሪዎቻቸው እንጂ ከሙሉ አካላቸው አይለዩም።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ቁጥሩ ምን ማለት እንደ ሆነ መወሰን ነበረበት። ኤድመንድ ኤገርና ባልደረቦቹ በሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1965 ባወጧቸው ጥናቶች ዛሬ በዓለም ሁሉ «ማክ» በሚል አጽሕሮተ ቃል የሚታወቀውን መለኪያ አቋቋሙ። ቆዳ በቢላዋ ሲቀደድ ከሕሙማን ግማሾቹ እንዳይንቀሳቀሱ የሚያደርገው፣ በሳንባ አየር ከረጢቶች ውስጥ ያለው የማደንዘዣ መጠን ነው። ለሃሎቴን ከመቶ 0.75 እጅ ገደማ፣ ለሴቮፍሉሬን 2፣ ለዴስፍሉሬን 6፣ ለናይትረስ ኦክሳይድ 104 ሆኖ ይገኛል። የመጨረሻው ቁጥር ስሕተት አይደለም፤ ይህ ጋዝ ብቻውን ከመቶ መቶ ቢሰጥም አይበቃም ማለት ነው።

ስሙ «ዝቅተኛ የአየር ከረጢት መጠን» ተብሎ ይተረጎማል፤ ቃል በቃል ትክክል ነው፤ እኛ ግን አልወደድነውም። «ዝቅተኛ» የሚለውን ያነበበ ተማሪ ከዚህ በታች ካልወረድሁ አይቀሬው እንቅልፍ ተጠብቋል ብሎ ያስባል። ልኬቱ ግን የግማሾቹን ነው እንጂ የሁሉንም አይደለም፤ ደግሞም የሚናገረው ስለ አካል መንቀሳቀስ እንጂ ስለ አእምሮ መንቃት አይደለም። እንግሊዝኛው ራሱ ያሳስታል፤ ማሳሳቱን ግን አብረን መተርጐም አይጠበቅብንም። «የእኩሌታ መግቻ መጠን» ብንል እኩሌታዎቹ ሕሙማን ከመንቀሳቀስ የሚገቱበት መሆኑ በስሙ ውስጥ ይገባል። ባለሙያዎች ከ«ማክ» ጋር ጐን ለጐን እየጻፉ ቢፈትኑት ደስ ይለናል።

«ከመቶ» የሚለውም ሐረግ በአገራችን ሌላ ወጥመድ አለው። ኤገር የለካው በባሕር ወለል ነው። አእምሮን የሚያስተኛው የማደንዘዣው ከፊል ግፊት እንጂ በድብልቁ ውስጥ ያለው የመቶኛ እጅ አይደለም። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ስለሆነ የሃሎቴን 0.75 እጅ 5.7 ሚሊሜትር ይሆናል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት 570 ገደማ ነው፤ ያንኑ 5.7 ሚሊሜትር ለማግኘት ከመቶ 1 እጅ ያስፈልጋል። የተለመደው ማትነኛ በአሠራሩ ከፊል ግፊቱን ስለሚጠብቅ ልዩነቱን በአብዛኛው ራሱ ያካክሳል፤ የዴስፍሉሬን ማትነኛ ግን የመቶኛውን እጅ አጥብቆ ስለሚይዝ በደጋ አገር ከፍ ሊደረግ ይገባዋል። «መጠን» የሚለው ቃላችን ግፊትንም፣ መቶኛንም፣ የሚሰጠውን መድኃኒት ብዛትም በአንድ አቁማዳ ይይዛል። በባሕር ዳርቻ የተጻፈ መመሪያ ሲተረጐም ይህን መለየት የሐኪሙ ብቻ ሥራ ነው ማለት አንችልም።

አሁን ወደ ወጪው ትንፋሽ እንመለስ። ከሳንባ የሚወጣው አየር ሁሉ ስለ ደም አይመሰክርም። ፊተኛው ክፍል በጉሮሮና በቧንቧ ውስጥ ቆይቶ የተመለሰ፣ ደምን ያላገኘ አየር ነው፤ ከአየር ከረጢቶቹ የመጣው ኋላ ይወጣል። ስለዚህ የሚነበበው በትንፋሹ ማብቂያ ላይ ያለው ቁጥር ነው። እንግሊዝኛው ለዚህ የባሕርን ሙላትና ጉድለት ምሳሌ ተጠቅሟል፤ «የማዕበል መጨረሻ መጠን» የሚል ትርጉም በአንድ ረቂቅ ላይ አይተናል፤ አንባቢው መርከበኛ መሆን ነበረበት። «የትንፋሽ ማብቂያ መጠን» ይበቃል። ገቢውና ወጪው ሲቀራረቡ አካሉ ጠግቧል፤ ገቢው ከወጪው እጅግ ሲበልጥ ደሙ ገና እየወሰደ ነው፤ ወጪው ከገቢው ሲበልጥ ሕሙሙ ወደ መንቃት እየሄደ ነው።

ይህ ቁጥር በእርግጥ ከንቃት ይጠብቃልን? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2011 የታተሙ ሁለት ሰፊ ጥናቶች የትንፋሽ ማብቂያውን መጠን ከ0.7 እስከ 1.3 ማክ ባለው ወሰን ውስጥ መጠበቅን ከአንጎል ሞገድ መለኪያ ጋር አወዳድረዋል። ሕሙማኑ በቀዶ ሕክምና መካከል የመንቃት ሥጋት ከፍ ያለባቸው ነበሩ። የአንጎል መለኪያው የበላይነት አልታየም፤ ከአምስት ሺህ በላይ ሕሙማን በተካተቱበት በሁለተኛው ጥናት እንዲያውም በትንፋሽ ልኬት ከተጠበቁት 2፣ በአንጎል መለኪያ ከተጠበቁት 7 ሰዎች ነቅተው እንደ ነበር በርግጠኝነት ተመዘገበ። በመመሪያው ላይ «ጊዜው ያለፈበት» ተብሎ የተጻፈው እንግዲህ ይህ ቁጥር ነበር።

የመጨረሻው ምዕራፍ ገና አልተዘጋም። ፕሮፖፎል በደም ሥር የሚሰጥ ማደንዘዣ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1986 ወደ ገበያ ወጥቶ በቀዶ ክፍልም በጽኑ ሕሙማን ክፍልም ተስፋፋ። ፈሳሽ እንጂ ተን ባለመሆኑ በትንፋሽ ይለካል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በሕሙማን ወጪ ትንፋሽ ውስጥ በዚያው ቅጽበት ሊለካ እንደሚቻል አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የጃፓኑ ታኪታና ባልደረቦቹ፣ በጀርመንም ሌሎች፣ በሚተነፈስላቸው ሕሙማን ላይ ይህንኑ አጠናከሩ። መጠኑ ከቢሊዮን ጥቂት እጅ ወይም ጥቂት ዐሥር እጅ ነው፤ ከመቶ 2 እጅ የሆነ ሴቮፍሉሬን ከዚህ በሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ላቦራቶሪ ሳያስፈልግ በአልጋ ጐን የሚለኩ መሣሪያዎች ተሠርተዋል።

ለስያሜያችን ግን ችግር ይዞ መጣ። ገቢና ወጪ ብለን ያጣመርነው ሂሳብ እዚህ ላይ ይሰበራል፤ ፕሮፖፎል በትንፋሽ አይገባምና ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። አብዛኛው በደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ከአካል የሚወገደውም በዋናነት በጉበት ተለውጦ እንጂ በሳንባ አይደለም። በቧንቧዎቹ ፕላስቲክ ላይም ስለሚጣበቅ ቁጥሩ ከደሙ ጥቂት ዘግይቶ ይደርሳል። ስኖው በራሱ ላይ ያረጋገጠው የአገባብና የአወጣጥ እኩልነት ለዚህ መድኃኒት አይሠራም። ስለዚህ «የትንፋሽ ማብቂያ መጠን» የሚለውን ስያሜ ከነትርጓሜው ለፕሮፖፎል ማውረስ አልፈለግንም፤ ለጊዜው «በወጪ ትንፋሽ የሚገኝ ፕሮፖፎል» ብለን በረዥሙ እንጽፋለን።